ተክለ ጻድቅ መኩሪያ፦ ከጦርነት ማግስት ለተማሪ ታሪክ የጻፉት ሰው

በሳን ሆዜም ሆነ በኦክላንድ ያደግን ብዙዎቻችን ወላጆቻችን ቤት አንድ የመጽሐፍ መደርደሪያ እናውቃለን። መጽሐፍ ቅዱስ ወይም ቁርኣን፣ የምረቃ ፎቶግራፎች፣ ማንም የማይጠጣባቸው የሚያማምሩ ሲኒዎች ይደረደሩበታል። ከእነዚህ መካከል አንዳንድ ጊዜ ጀርባው በፕላስተር የተጠገነ፣ ወረቀቱ የቢጫ ቀለም የያዘ የኢትዮጵያ ታሪክ መጽሐፍ ይገኛል። እኔ ቤት ያለው የአባቴ ነው። አባቴ ከአገር ሲወጣ ይዟቸው ከመጣው ጥቂት ነገሮች አንዱ ስለሆነ እንደ ልጅነቱ ማስታወሻ ያየዋል። ደራሲው ተክለ ጻድቅ መኩሪያ ናቸው።

መጽሐፉን ከመደርደሪያው ያወረድኩት ባለፈው የትምህርት ዘመን በማኅበራችን ውስጥ ከሆነ አንድ ነገር በኋላ ነው። ስለ ታሪክ የውይይት ምሽት አዘጋጅተን ነበር። ስለ ዓድዋ ሲወራ ሁሉም ይናገር፣ ሁሉም ይስቅ ነበር። አንድ አዲስ ገቢ ተማሪ ግን ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ስለተካሄደው የሰሜኑ ጦርነት አሁን አገር ቤት ያሉ ልጆች ትምህርት ቤት ምን ይማራሉ ብሎ ጠየቀ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ቤተሰቡ መቀሌ ያለ፣ ቤተሰቡ ወልዲያ ያለ፣ ቤተሰቡ ወለጋ ያለ ሰው አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጧል። ማንም አልመለሰም። በሚቀጥለው ሳምንት የመጣው ሰው ቁጥር በግማሽ ቀነሰ።

ጥያቄው ግን አዲስ አይደለም። ከ80 ዓመታት በፊት፣ አገሪቱ ከአምስት ዓመት ወረራ ስትወጣ፣ ለልጆቻችን ስለ ራሳችን ምን እናስተምር የሚለው ነገር የመንግሥትም የመምህራንም ጭንቀት ነበር። ለዚያ ጥያቄ መልስ ካበጁት ሰዎች መካከል ብዙ ተማሪ ጋ የደረሱት አቶ ተክለ ጻድቅ ናቸው። በዚህ እትም የእሳቸውን ሕይወት የምናስታውሰው ለዚህ ነው።

ልጅነትና ትምህርት

ተክለ ጻድቅ መኩሪያ የተወለዱት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1913 በሸዋ፣ በአሳግርት ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ያረፉት በዚያው ዓመት መጨረሻ ስለሆነ፣ የተወለዱት አንድ ዘመን ሲያልቅ ሌላው ሲጀምር ነው ማለት ይቻላል። እንደ ዘመኑ የገጠር ልጆች ፊደል የቆጠሩት በቤተ ክህነት ትምህርት ነው፤ በኋላም ዘመናዊ ትምህርት ተከታትለው ፈረንሳይኛ ተማሩ። ሁለቱም ለኋላ ሥራቸው ስንቅ ሆኑ። የግእዝ ዜና መዋዕሎችን በአንድ በኩል፣ የአውሮፓ ተጓዦችንና ሊቃውንትን ጽሑፎች በሌላ በኩል የሚያነብ ሰው በዚያ ጊዜ ብዙ አልነበረም።

ያን ጊዜ ታሪክ እንደ ዛሬው ክፍለ ጊዜ ተመድቦለት የሚሰጥ ትምህርት አልነበረም። የነገሥታት ታሪክ በቤተ መንግሥትና በገዳማት ተጽፎ ይቀመጥ ነበር። ለሕዝቡ ታሪክ ማለት ሽማግሌ የሚያወራው፣ አዝማሪ የሚዘፍነው፣ በለቅሶ ላይ ሙሾ አውራጅ የምታነሣው ነገር ነው። በአዲስ አበባ የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት የተከፈተው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1908፣ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ደግሞ በ1925 ነው። ከእነዚህና ከጥቂት የሚሲዮን ትምህርት ቤቶች የሚወጣው ወጣት ቁጥሩ አነስተኛ ስለነበር አገሪቱ እያንዳንዱን እንደ ዓይኗ ብሌን ታየው ነበር።

ጦርነቱ

የጣሊያን ጦር ድንበር የተሻገረው በመስከረም 1928 ዓ.ም. ነው። አዲስ አበባ የገባው በሚያዝያ 27 ቀን በዚያው ዓመት ነው። ተክለ ጻድቅ ያን ጊዜ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ውስጥ ነበሩ።

የዚያን ትውልድ ነገር ስናስብ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም.ን መዝለል አይቻልም። በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ ለሦስት ቀናት አዲስ አበባ ውስጥ የተፈጸመው ግድያ ሀብታም ድኻ አልለየም። ከዚያ በኋላ ግን የተማረው ወጣት ተለይቶ ተፈለገ። ውጭ አገር ተምረው የተመለሱ፣ ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ የሚያውቁ፣ ነገ መምህርና ሐኪም ይሆናሉ የተባሉ ልጆች ተገደሉ፤ ሌሎችም ታሰሩ፣ ተጋዙ። በግንቦት ወር ደግሞ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተጨፈጨፉ። ስለዚህ በጥቂት ወራት ውስጥ አገሪቱ የአዲሱ ትምህርት ልጆቿንም የአሮጌው ትምህርት አባቶቿንም አጣች።

ወራሪው በትምህርትም ዘምቷል። ኢትዮጵያን፣ ኤርትራንና ጣሊያን ሶማሊያን አንድ ላይ አድርጎ የምሥራቅ አፍሪካ ግዛት ሲያቋቁም፣ አስተዳደሩን በብሔረሰብ መስመር ከፋፍሎ ኢትዮጵያ የሚለውን ስም ከካርታው ላይ አነሣው። ለአገሬው ልጅ የተፈቀደው ትምህርት ለጥቂት ዓመታት የሚቆይ፣ ታዛዥ ሠራተኛና ወታደር ለማፍራት የታሰበ ነበር። ታሪክ የሚባል ነገር ከተነሣም የሮማ ታሪክ ነው። የተገዛ ሕዝብ መጀመሪያ የሚነጠቀው ነገር የራሱን ታሪክ በራሱ ቋንቋ የመናገር መብት እንደሆነ የዚያ ዘመን ወጣቶች በዓይናቸው አዩ።

ባዶው ክፍል

በሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ሲመለሱ ትምህርት ቤቶቹ ከፊሉ ሰፈር ሆነው፣ ከፊሉ ፈርሰው ነበር። ትምህርት ቤት መክፈት የመጀመሪያው ሥራ ሆነ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በኮተቤ በ1935 ዓ.ም.፣ የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት በ1938 ዓ.ም.፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ተከፈቱ።

መምህራኑ ግን በአብዛኛው የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። መጻሕፍቱም ከእነሱ ጋር የመጡ ናቸው። በከፍተኛው ክፍል ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለነበረ፣ ፈተናውም ከለንደን ይመጣ ስለነበረ፣ አንድ የኮተቤ ተማሪ ስለ እንግሊዝ ነገሥታት የሚያነበው መጽሐፍ ነበረው፤ ስለ ዘርዓ ያዕቆብ ወይም ስለ ዓድዋ ግን በእጁ የሚይዘው፣ በክፍሉ ልክ የተዘጋጀ መጽሐፍ አልነበረውም። አምስት ዓመት ነጻነቱን ተነጥቆ የከረመ ልጅ የሌላውን አገር ነገሥታት ስም ሲያጠና ማየት ለአገሬው ሰው ቀላል አልነበረም።

ሌላ፣ ጸጥ ያለ ችግርም ነበረ። በአንድ ክፍል ውስጥ አባቱ በዱር አርበኛ የነበረ ልጅ፣ አባቱ ከንጉሡ ጋር የተሰደደ ልጅና አባቱ ለጣሊያን ያደረ ልጅ አንድ ዴስክ ላይ ይቀመጡ ነበር። አርበኛው ስደተኛውን ሸሸህ ይለዋል፤ ስደተኛው ሥልጣኑን ይዞታል፤ ባንዳ የተባለውም ብዙ ጊዜ ከሥራው አልተነሣም። ሕዝቡ ስለዚህ ነገር በቅኔም በሐሜትም ተናግሯል። መምህሩ ግን ልጆቹን ፊት ለፊት እያየ ምን ብሎ ይጀምር?

የመማሪያ መጻሕፍቱ

አቶ ተክለ ጻድቅ ለዚህ ክፍል ነው የጻፉት። የኢትዮጵያን ታሪክ በአማርኛ፣ ተማሪ በሚረዳው ቋንቋ፣ በተከታታይ መጻሕፍት አዘጋጁ። አንደኛው ከአፄ ልብነ ድንግል እስከ አፄ ቴዎድሮስ ያለውን ዘመን፣ ሌላው ከአፄ ቴዎድሮስ እስከ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ያለውን ይዘልቃል። ወደ ኋላም ሄደው ስለ ኑብያ፣ ስለ አክሱምና ስለ ዛጉዬ ጻፉ። መጻሕፍቱ በትምህርት ቤቶች ገቡ፤ ደጋግመውም ታተሙ። የእኛ አያቶችና ወላጆች ስለ አገራቸው ታሪክ የሚያውቁት ብዙ ነገር፣ ከየት እንዳነበቡት ባያስታውሱት እንኳ፣ በእነዚህ መጻሕፍት በኩል የመጣ ነው።

የሠሩትን ለመረዳት አወቃቀሩን ማየት ይጠቅማል። ታሪኩ የሚከፈለው በነገሥታት ዘመን ነው። አንድ ንጉሥ ይነግሣል፣ ይዋጋል፣ ይሞታል፤ ሌላው ይተካል። ኃይለኛው ንጉሥ ሲነሣ አገር ይሰበሰባል፤ ሲወድቅ ይበተናል፤ በዘመነ መሳፍንት ጊዜ ደግሞ ሁሉም በየሰፈሩ ጌታ ይሆናል። ከዚያ ቴዎድሮስ ይነሣል። በዚህ መንገድ ከአክሱም እስከ ተማሪው ዘመን ድረስ የሚደርስ አንድ የማይበጠስ ገመድ ተዘረጋ። ከወረራ ለወጣ ልጅ ይህ ትልቅ ነገር ነበር። አምስቱ ዓመት የታሪኩ መጨረሻ ሳይሆን በረጅሙ ገመድ ላይ ያለች አንዲት ቋጠሮ መሆኗን አየ። ግራኝም መጥቶ ነበር፣ ግብፅም መጥቶ ነበር፣ ድርቡሽም መጥቶ ነበር፤ አገሪቱ ግን አለች። ባንዳና አርበኛ የነበሩ አባቶች ልጆችም ቢያንስ ከአባቶቻቸው በፊት ያለውን ታሪክ አብረው ማንበብ ቻሉ።

ይህ መድኃኒት የተቀመመው ለአንድ ዓይነት ቁስል ነው። ከውጭ በመጣ ጠላት የደረሰ ቁስል ነበር፤ ለዚያ ሠርቷል።

ከገመዱ ውጭ የቀሩት

ሆኖም ገመዱ የነገሥታት ገመድ ስለነበረ ብዙ ሰው ከእሱ ውጭ ቀረ። ያን ጊዜ ይጻፉ የነበሩት የታሪክ መጻሕፍት ኦሮሞን ሕዝቡ ራሱን በማይጠራበት፣ በሚጠላው ስም ይጠሩት ነበር። የኦሮሞ ልጅ የራሱን ወገን በክፍሉ መጽሐፍ ውስጥ የሚያገኘው እንደ ወራሪ ማዕበል እንጂ የገዳ ሥርዓት እንዳለው፣ ሕግና ጉባኤ እንዳለው ሕዝብ አልነበረም። የከፋ፣ የወላይታ፣ የሐረር ልጅ የራሱን አገር ብዙ ጊዜ የሚያገኘው የምኒልክ ጦር ሲደርስ ነው፤ ከዚያ በፊት የነበሩት የገዛ ራሱ ነገሥታትና አሚሮች ዳር ላይ ቆመዋል። የሴቶች፣ የገበሬዎች፣ የሸማኔዎችና የቀጥቃጮች ታሪክማ ከነአካቴው የለም ማለት ይቻላል።

ከአቶ ተክለ ጻድቅ መጻሕፍት የአንዱን ርዕስ ብቻ እንውሰድ። በ1966 ዓ.ም. የወጣው መጽሐፋቸው «የግራኝ አሕመድ ወረራ» ይባላል። በ1521 ዓ.ም. ሽምብራ ኩሬ ላይ ልብነ ድንግልን ድል የነሱት፣ በ1535 ዓ.ም. የሞቱት ሰው ለክርስቲያኑ ተማሪ ግራኝ ናቸው፤ ያደረጉትም ወረራ ነው። ለሐረር፣ ለሶማሌ ወይም ለወሎ ሙስሊም ተማሪ ግን ያው ሰው ኢማም አሕመድ ኢብራሂም ናቸው፤ አያቱ ስማቸውን በአክብሮት ነው የምትጠራው። ስለዚያ ጦርነት ዋናው የዓይን ምስክር ጽሑፍም ዓረብ ፈቂህ የሚባሉት ከኢማሙ ወገን የነበሩ ሰው በዓረብኛ የጻፉት ነው። የክርስቲያኑ ወገን መከራውን በገድልና በዜና መዋዕል አቆየ፤ የኢማሙ ወገን ድሉን በፉቱሕ አቆየ። ርዕሱ የሚመረጠው ከየትኛው ወገን ቆሞ እንደሆነ ተማሪው የማወቅ መብት አለው።

ይህን ስንል አቶ ተክለ ጻድቅን ለመውቀስ አይደለም። እሳቸው የዘመናቸው ሰው ናቸው፤ በእጃቸው የነበረውም ምንጭ በአብዛኛው የቤተ መንግሥት ምንጭ ነው። ነገር ግን በመጽሐፉ ውስጥ ራሱን ያላገኘው ልጅ የተሰማው ስሜት እውነት ነው። ከ1960ዎቹ ጀምሮ በዩኒቨርሲቲ የተነሣው የብሔረሰቦች ጥያቄ አንዱ ሥሩ ይኸው የክፍል ውስጥ ዝምታ ይመስለኛል።

ወደ ዓለም መድረክ

አቶ ተክለ ጻድቅ በመንግሥት አገልግሎት ውስጥ በተለያዩ ኃላፊነቶች ሠርተዋል፤ አገራቸውን ወክለውም ውጭ ኖረዋል። መጻፉን ግን አልተዉትም። ዩኔስኮ የአፍሪካን ታሪክ በአፍሪካውያን እጅ ለማስጻፍ በስምንት ቅጾች ባዘጋጀው ታላቅ ሥራ ውስጥ ስለ ክርስቲያናዊው አክሱም የሚናገረውን ምዕራፍ የጻፉት እሳቸው ናቸው። ምዕራፉ የሚገኘው በሁለተኛው ቅጽ ነው።

የዩኔስኮው ሥራ ዓላማ ለእኛም ቅርብ ነው። በ1950ዎቹ ዓ.ም. ነጻ የወጡ የአፍሪካ አገሮች ያጋጠማቸው ኢትዮጵያን በ1933 ዓ.ም. ያጋጠማት ነገር ነው፦ ትምህርት ቤት አለ፣ ልጆች አሉ፣ ታሪኩን የጻፈው ግን ቅኝ ገዥው ነው። ለሽምብራ ኩሬና ለጎንደር ልጆች ሲጽፉ የኖሩት ሰው ለጋናና ለሴኔጋል ተማሪም ጻፉ።

ሦስቱ መጻሕፍት

አብዮቱ በ1966 ዓ.ም. ሲመጣ የነገሥታት ታሪክ ፋሽን መሆኑ ቀረ። ትምህርቱ ወደ መደብ ትግል ዞረ፤ ትናንት በግድግዳ ላይ የተሰቀሉ ሥዕሎች ወረዱ። ከዚያ ቀይ ሽብር፣ የሶማሌ ጦርነት፣ የኤርትራና የትግራይ ጦርነት፣ ድርቁ። አንድ ትውልድ እንደገና ተጨፈጨፈ፤ የእኛም ወላጆች ብዙዎቹ በሱዳን በኩል ወጥተው ወደዚህ ወደ ካሊፎርኒያ የመጡት በእነዚያ ዓመታት ነው።

በዚህ መሐል፣ ዕድሜያቸው ከ70 ሲያልፍ፣ አቶ ተክለ ጻድቅ በወጣትነታቸው በትንሹ ለተማሪ ወደጻፉት ዘመን ተመለሱ። ሦስት ወፋፍራም መጻሕፍት በተከታታይ አወጡ። በ1981 ዓ.ም. ስለ አፄ ቴዎድሮስ፣ በ1982 ዓ.ም. ስለ አፄ ዮሐንስ፣ በ1983 ዓ.ም. ስለ አፄ ምኒልክ። የሦስቱም ርዕስ አንድ ዓይነት ነው፦ የንጉሡ ስም፣ ከዚያ የኢትዮጵያ አንድነት። አንዱ ከቋራ፣ አንዱ ከትግራይ፣ አንዱ ከሸዋ። መጻሕፍቱ ማተሚያ ቤት በነበሩባቸው ዓመታት የቋራ፣ የትግራይና የሸዋ ልጆች በጦር ሜዳ ተፋጠው ነበር። ሦስተኛው በወጣበት ዓመት፣ በግንቦት 1983 ዓ.ም.፣ የደርግ መንግሥት ወደቀ።

ሦስቱን በተራ ማንበብ ከባድ ነው፤ ጥቅሙም እዚያ ላይ ነው። በመጀመሪያው መጽሐፍ ዘመን ቴዎድሮስ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ይሞታሉ። እንግሊዞች እዚያ ድረስ የደረሱት መንገዱን የሚያሳልፋቸው ስላገኙ ነው፤ ያሳለፋቸውና በምላሹ መሣሪያ ያገኙት የትግራዩ ካሳ ምርጫ ናቸው። እኒያ ካሳ ናቸው በሁለተኛው መጽሐፍ አፄ ዮሐንስ የሆኑት። ግብፆችን ጉንደትና ጉራዕ ላይ ድል ነሱ። በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ የወሎ ሙስሊሞች በግድ እንዲጠመቁ አዘዙ፤ ጎጃምን በጦር ቀጡ፤ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ደግሞ መተማ ላይ ለአገራቸው ሲዋጉ ሞቱ። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ በሚያዝያ 25 ቀን፣ ምኒልክ ከጣሊያን ጋር የውጫሌን ውል ፈረሙ። እኒህ ምኒልክ በልጅነታቸው የቴዎድሮስ እስረኛ ነበሩ። ጨለንቆ ላይ የሐረርን አሚር ድል የነሱትም፣ በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ሁላችንንም ያኮሩትም እሳቸው ናቸው።

በአንድ መጽሐፍ ጀግና የሆነው ሰው በሚቀጥለው መጽሐፍ የሌላው ጀግና ጠላት ነው። አንዱን ብቻ ያነበበ ሰው ወገን ይይዛል። ሦስቱን ያነበበ ሰው ግን አንዱን መቅደላ ሦስት ጊዜ፣ ከሦስት ኮረብታ ላይ ሆኖ ያያል። የውጫሌ ውል ራሱ ትምህርት ነው። የአማርኛው 17ኛ አንቀጽ ኢትዮጵያ በፈቀደች ጊዜ የጣሊያንን መንግሥት ለውጭ ጉዳይ መጠቀም ትችላለች ሲል፣ የጣሊያንኛው ግድ ነው ብሎ ነበር። ሁለቱን ጽሑፍ ጎን ለጎን አስቀምጦ ያላነበበ ሰው ዓድዋ ለምን እንደተዋጋን አይገባውም።

የእኔ ሐሳብ ይኸው ነው። አቶ ተክለ ጻድቅ በወጣትነታቸው ለተማሪው አንድ ገመድ ሰጡት፤ በሽምግልናቸው ግን በአንድ ርዕስ ሥር ሦስት የሚጋጩ ሰዎችን አስቀመጡለት። ሦስቱንም ኢትዮጵያዊ አሉ፤ ከሦስቱ አንዱንም ከታሪኩ አላስወጡም። እርስ በርሱ ተዋግቶ ለቆሰለ አገር የሚስማማው ይህ ሁለተኛው መንገድ ይመስለኛል።

ዕረፍት

አቶ ተክለ ጻድቅ መኩሪያ በ1992 ዓ.ም. ዐረፉ። 86 ዓመታቸው ነበር። በዚያው ዓመት የኢትዮጵያና የኤርትራ ወታደሮች በባድመና በጾረና ምሽግ ውስጥ በብዙ ሺህ ሞተዋል። ስለ ሕዝባቸው ጦርነቶች ዕድሜያቸውን ሙሉ የጻፉት ሰው ሲያርፉ፣ ገና ያልተጻፈ ሌላ ጦርነት ነበረ። የገዛ ሕይወታቸውን ታሪክም ጽፈው ትተው ስለነበር ከሞቱ በኋላ ታትሞ ወጥቷል።

እኛስ?

ዛሬ አገር ቤት ጥያቄው እንደገና ተነሥቷል። በ2012 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲ አዲስ ገቢ ተማሪዎች ሁሉ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ እንዲሰጥ ሲወሰን፣ የማስተማሪያው ረቂቅ ገና ሳይጸድቅ ክርክር አስነሥቶ ነበር። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ጦርነቱ መጣ፤ ብዙ ትምህርት ቤቶች ፈረሱ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት ተፈረመ። ልጆቹ ወደ ክፍል ተመልሰዋል፤ ያልተመለሱም አሉ። መምህሩ እንደ 1933ቱ መምህር ሰሌዳ ፊት ቆሟል።

ሌሎች አገሮችም እዚያ ቆመው ነበር። ሩዋንዳ ከ1994 የዘር ማጥፋት በኋላ በትምህርት ቤት የአገሪቱን ታሪክ ማስተማር ለዓመታት አቋርጣ ነበር፤ የድሮው መጽሐፍ መርዝ ነበረበት፣ አዲሱን ደግሞ ማን ይጻፈው የሚለው አስቸግሮ ነበር። ፈረንሳይና ጀርመን በ70 ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ተዋግተው፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2006 ለሁለቱም አገር ተማሪዎች የሚሆን አንድ የጋራ የታሪክ መጽሐፍ አሳተሙ። ሐሳቡን ያቀረቡት ሚኒስትሮች አልነበሩም፤ በ2003 በርሊን የተሰበሰቡ የሁለቱ አገር ወጣቶች ናቸው። ልክ እንደ እኛ ዕድሜ ያሉ።

እኛ የምንኖርበት አካባቢም ለዚህ ባዳ አይደለም። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኦክላንድ በሚገኘው ሜሪት ኮሌጅ ይማሩ የነበሩት ሂዩይ ኒውተንና ቦቢ ሲል የጥቁር ሕዝብ ታሪክ ይሰጠን ብለው ከታገሉት ተማሪዎች መካከል ነበሩ። በ1968 የሳን ፍራንሲስኮ ስቴት ተማሪዎች ለወራት ትምህርት አቁመው፣ በመጨረሻ በአገሪቱ የመጀመሪያው የብሔረሰቦች ጥናት ኮሌጅ እንዲቋቋም አደረጉ። ዛሬ እኛ በቀላሉ ተመዝግበን የምንወስደው ክላስ በዚያ ትግል የተገኘ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ራሴን አጣሁ ያለ ተማሪ ጩኸቱ ረባሽነት እንዳልሆነ ቤይ ኤርያ ያስተምራል። ወሎ፣ ባሌም ሆነ አክሱም ያለ ልጅ ይህንኑ ሲል ልናዳምጠው ይገባል።

ስለዚህ ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። የሚቀጥለውን የታሪክ ምሽት በአቶ ተክለ ጻድቅ ሦስት መጻሕፍት እናድርገው። ሦስት ሰዎች እንምረጥ፤ እያንዳንዱ ግን ከራሱ አካባቢ ያልሆነውን ንጉሥ ይዞ ይምጣ። የትግራዩ ልጅ ስለ ምኒልክ፣ የሸዋው ልጅ ስለ ዮሐንስ ይናገር። አራተኛ ወንበር ደግሞ ይኑር፤ በሦስቱም መጻሕፍት ውስጥ ዳር ላይ ለቀሩት፣ ለጨለንቆ ሟቾች፣ በቦሩ ሜዳ በግድ ለተጠመቁት የሚናገር ሰው ይቀመጥበት። ለሰሜኑ ጦርነት ገና አልደረስን ይሆናል። ቁስሉ ትኩስ ነው፤ ሐዘን ላይ ያለ ሰው በክርክር አይያዝም። ነገር ግን የ150 ዓመቱን ጠብ አብረን ማንበብ ከቻልን፣ የአምስት ዓመቱን አንድ ቀን እናነበዋለን።

አባቴ መጽሐፉን ሳወርደው ጀርባውን በፕላስተር የጠገነው እሱ እንዳልሆነ ነገረኝ። ለእሱም ያስተላለፈለት ሌላ ሰው ነበር። እኔም ጥግ ጥጉን ደግሜ ለጥፌዋለሁ። የሚቀጥለው ምሽት ይዤው እመጣለሁ፤ ማንበብ የሚፈልግ ሁሉ ተራ ይያዝ።